ውኃ ሲወቀጥ

ሞላልኝ ከህንድ አገር ተምሮ ሲመለስ፣ ቡሬ የገባ ለት፣
ለአጎቴ ለአይቸው፣ ለግራ ጉልበቱ፣ ብልቃጥ አመጣለት።
ከጤፍ ከፍ ያለ፣ ሽንብራ የማያህል፣ ነጭ ነጭ እንክብል፤
አምስት አምስት ቆጥሮ ከምላሱ በታች አስቀምጦ ዝም እንዲል።

«ስሙ ሆሚዮፓቲ። ያሳመመህ ነገር እሱው ያድንሃል፤
ጠብታዋን መርዝ በውኃ ታቀጥናለህ፣ ውኃው ይወቀጣል፣
ከዚያ ላይ ተቀድቶ ደግሞ ይቀጥናል፣ ደግሞ ይወቀጣል፤
የመርዙ ቅንጣት ሲጠፋ በሙሉ፣ ያኔ ይበረታል።»

እኔ ባለመድኃኒት፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሚሊግራም ቆጣሪ፣
ሳቄን አልቻልኩትም። «ወንድሜ፣» አልኩና፣ «ከጉሹ ቅራሪ
በልጦ ካሰከረ፣ አትጠገብ በከንቱ ጌሾ ለምን ትግዛ?
ጋኑን አለቅልቃ እጣቢውን ትሽጥ፣ ሰካራም ታብዛ።
ውኃ ቢወቅጡት ያው እምቦጭ ነው» አልኩት።
«እምቦጭ ያለው ሰው፣» አለኝ፣ «ቶሎ ያቆመ ነው።»

«ጊሽ ዓባይ ምንጩ ላይ አንድ ማንኪያ ኮሶ ጣል አርገን ብንመጣ፣
ካይሮ ላይ የጠጣ፣ ሕዝቡ ሁሉ በጧት የኮሶ ትል ያውጣ?»
«ውኃ፣» አለ ሞላልኝ ፊቱ ሳይለወጥ፣ «ውኃ ያስታውሳል።»
«ስንት ፍግ፣ ስንት በድን ተሸክሞ ወርዶ፣
ኮሶን አስታውሶ ፍጉን ይረሳዋል?»

ጋሼ አይቸው መሐል፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ክዳን ይፈታ ነበር።
«ጨርሱና ንገሩኝ፤ እኔ ግን ልጀምር።»

ጀመረ።
በወሩ ከዘራው ከበር ጀርባ ቀረ፤
ለቅዳሜ ገበያ ሙክት እየነዳ ዳገት ተሻገረ።

ብልቃጡ ሲያልቅበት ሱቄ ድረስ መጣ፦
«ልጄ፣ ከዚህ ከጉደኛው ጨምሪልኝ።»
ሞላልኝ የለም፤ አዲስ አበባ ሥራ ይዟል።
ማታ ላይ ሄድኩና ከኬክ ቤት ገዛሁኝ
ልደት ላይ ለልጆች የሚነሰነሰውን፣
ብልቃጡን ሞላሁት። «ስኳር» በኛ ከተማ የበሽታ ስም ነው፤
እሱ ግን ዘጠኝ ወር ሄደበት በስኳር፣ ዳገት ቁልቁለቱን።

ማስረጃ አገኘሁ፤ ክርክር የሚረታ፣
ግን አፍ አውጥቼ ለማንም የማልነግረው።
ብናገር ጉልበቱ ይሰማል ብዬ ነው።
ደግሞስ ማንን ጎዳው?

የካቲት ላይ ማርሸት፣ የአትጠገብ ትንሹ፣ ራሱን አመመው።
አጎቴ ደግ ሰው ነው።
«እኔን ያስነሣ፣» ብሎ አምስት ፍሬ ቆጥሮ ሦስት ማታ ሰጠው።
በአራተኛው ንጋት፣ አንገቱ አልታጠፍ ሲል፣ በባጃጅ ሮጥን።
ማጅራት ገትር አሉ።
ነፍሱን አተረፉት።
ጆሮው አልተረፈም።

«ስኳር ነበር፣ ጋሼ። የሞላሁት እኔ ነኝ።»
ግድግዳውን አየ። ብዙ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣
«ለጉልበቴ፣» አለኝ፣ «ማን ይንገረው ታዲያ?»
ብልቃጡን አወረደ፤ ደጃፉ ላይ ደፋው።
ጉንዳን ተሰለፈ።
ጉንዳን አልተከራከረ፤ ገና ሲቀርበው ዐወቀው።
በማግሥቱ ከዘራው ቋ፣ ቋ እያለ፣ በሱቄ ደጅ አለፈ።

ሞላልኝ ወሬውን ሰምቶ ደወለልኝ፦
«የእኔው ቢሆን ኖሮ ያድነው ነበረ።»
መልስ ነበረኝ እኮ።
ስልኩን ይዤ ቆምኩ፤
መደርደሪያው ላይ የፓራሲታሞሉን ካርቶን በጣቴ እየቆጠርኩ።

ዛሬ ማርሸት መጣ፣ ለእናቱ ራስ ምታት፣ ብሩን በጡጫው ጨምድዶ።
አገጩ ከመስተዋቱ በላይ አይደርስም፤
አፍ አፌን ያየኛል።
ዋጋውን ጮክ ብዬ ነገርኩት።
ሁልጊዜ እረሳለሁ።